በበረሃ መሃል «አልጠማኝም» ያልኩበት ቀን

እኔ ሰው ማስቸገር አልወድም። ይህን የምለው ራሴን ለማመስገን ሳይሆን በሽታዬን ለመናዘዝ ነው። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ከብዶኝ ሰፈሬን አልፌ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ፣ መንገዱን በእግሬ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ተሳስቼ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ክፍል ገባሁ። መምህሩ ማስተማር ጀምረው ስለነበር ተነስቶ መውጣት ነውር መሰለኝና ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ከብት መኖ ማስታወሻ ያዝኩ። መጨረሻ ላይ «ጥያቄ ያለው?» ሲሉ ክፍሉ በሙሉ ዝም አለ። መምህሩ ቅር እንዳይላቸው ብዬ እጄን አወጣሁና «ላሟ ራሷ የትኛውን ትመርጣለች?» ብዬ ጠየቅኩ። ጥሩ ጥያቄ ነው ብለውኛል።

ስለዚህ ባለፈው የሴሚስተር እረፍት ከአንድ ውሻ ጋር ብቻዬን አፋር በረሃ ውስጥ የተገኘሁት ጀብደኛ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። «አይ፣ አልችልም» የምትባለዋ አጭር ዓረፍተ ነገር በሰዓቷ ከአፌ ስላልወጣች ነው።

ውሻው ጎልያድ ይባላል። ከስሙ በስተቀር ትልቅ ነገር የለውም። ቁመቱ ከጉልበቴ በታች ነው፤ አንዱ ጆሮው ይቆማል፣ ሌላው ይወድቃል። ሲኤምሲ በተከራየነው ግቢ ውስጥ ስላደገ ዝናብ ሲመጣ በረንዳ ላይ ይጠለላል፣ ድመት ስትመጣ ደግሞ እኔን ይጠራል። ባለቤቱ አጎቴ ዮናስ ነው። ዮናስ የእናቴ ታናሽ ወንድም ሲሆን ሥራው የውሃ ጉድጓድ ማስቆፈር ነው። ሰርቪስ ቤታችን ውስጥ ስንት ዓመት ከኖረ በኋላ፣ ከአዋሽ ማዶ በረሃ ውስጥ ቁፋሮ አግኝቶ ሄደ። ውሻውንና አሮጌ ሎንግ ቤዝ መኪናውን ለእኛ ተወልን።

አንድ ቀን ደወለ።

«ስማ፣ ጎልያድን አምጣልኝ እስቲ። እዚህ የማወራው ሰው ጠፋ።»

«ውሻው ያወራሃል እንዴ?»

«አያወራኝም። ግን እኔ ሳወራ ስልኩን አይነካካም።»

ይህን ሲለኝ ስልኬን እየነካካሁ ስለነበር አፈርኩ። ወዲያው «ችግር የለም፣ አመጣልሃለሁ» አልኩት።

መጀመሪያ የሞከርኩት በአውቶቡስ ነው። ላምበረት መናኸሪያ ገና ሳይነጋ ደረስኩ፤ ጎልያድን በእናቴ አሮጌ ነጠላ ጠቅልዬዋለሁ። ረዳቱ ነጠላውን ገለጥ አድርጎ ሲያይ ጎልያድም ቀና ብሎ አየው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ውሻ ነው። ይቅርታ።»

«ወንድሜ፣ ይሄ አውቶቡስ እንጂ የኖኅ መርከብ አይደለም!»

«እቅፌ ውስጥ ነው የሚሆነው። ፀባየኛ ነው።»

«ኖኅ ጋርም ቢሆን ሁለት ሁለት ሆነው ነው የገቡት፤ ሂድና ሚስት ፈልግለት» አለኝ። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። እኔም እንዳላስቀይመው አብሬ ሳቅኩና ወረድኩ። ስወርድ የአንድ ሰውዬ ማዳበሪያ ከረጢት አብሬ አውርጄ፣ ሰውየው ሲጮህ መልሼ ጫንኩለት።

ይህን ለአጎቴ ስነግረው «መኪናዋ እዚያ ቆማ የለ? አስነስተህ ና! መንዳት ትችላለህ አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

መንጃ ፈቃዴ የሦስት ወር ዕድሜ አለው። የተማርኩትም ከጎልያድ ብዙ በማትበልጥ መኪና ነው።

«ፎር ዊሉንስ ታውቀዋለህ አይደል? እንዴት እንደሚገባ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብዬ እንደማስብ ሰው ሆንኩ። «አላውቅም» ብለው አምስት ደቂቃ ሊያስረዳኝ ነው፤ ሰውየው ሥራ ላይ ነው። «አውቃለሁ፣ ችግር የለም» አልኩት።

እንደ አንድ ታታሪ ፍሬሽ ተማሪ ዝግጅቴን በጽሑፍ አደረግኩ። «የጉዞ ዕቅድ» የሚል ርዕስ፣ ከሥሩ መግቢያ፣ ዓላማ፣ ወሰን፣ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው። ቪዲዮም አየሁ። አንዱ ባለሙያ «አሸዋ ላይ ከመግባታችሁ በፊት የጎማውን ንፋስ ቀንሱ» አለ። እኔም በረሃ ደርሼ ጊዜ እንዳላባክን ብዬ ሲኤምሲ ግቢያችን ውስጥ የአራቱንም ጎማ ንፋስ ቀነስኩ። ከዚያ እየተንፏቀቅኩ ነዳጅ ልሞላ ስወጣ የሰፈራችን ጎሚስታ ማሙሽ ከሱቁ ሮጦ መጥቶ በእጁ አስቆመኝ።

«አንተ! አራቱም በአንዴ ፈነዳብህ?»

«አይ፣ እኔ ነኝ የቀነስኩት። አሸዋ ላይ ስለምሄድ።»

ማሙሽ አስፋልቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ቀጥሎ ደግሞ ወደ ሰማይ አየ። «አሸዋው የት አለ?»

«አዋሽ ማዶ።»

«ታዲያ ስታገባ የምትለብሰውን ሱፍ ዛሬ ለብሰህ ትተኛለህ?» አለና እየሳቀ ሞላልኝ። እግዜር ይስጠው፤ በዚያ ጎማ ፈጣን መንገዱ ላይ ብወጣ ኖሮ ይህን ወግ የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር።

እናቴ የፈቀደችልኝ ናቲ አብሮኝ ስለሚሄድ ነው። ናቲ የክፍሌ ልጅ ነው፤ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ይኖራል። እናቴ ትግራይ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ስትጨነቅ «ወደይ» ትለኛለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። በዚያ ጠዋት «ወደይ» ያላለችበት ዓረፍተ ነገር የለም። በሶ ጫነችልኝ፣ ዳቦ ቆሎ ጫነችልኝ፣ አንድ ካርቶን የታሸገ ውሃ ጫነችልኝ። በመጨረሻ ደግሞ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ሰጠችኝ። ላይዋ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፋ በእስክሪብቶ «ጠበል» ብላ ጽፋባታለች።

«ይቺን ከሌላው ውሃ ጋር እንዳትቀላቅላት። የሚጠጣና የሚከበር አንድ አይደለም።»

«እሺ እማዬ።»

አራብሳ ስደርስ ናቲ ከብሎኩ ሥር በነጠላ ጫማ ቆሞ ጠበቀኝ። በነጠላ ጫማ በረሃ የሚሄድ ሰው ስለሌለ ነገሩ ገባኝ።

«ብሮ፣ ሼም ነው ግን የመዘምራን ልምምድ አለብኝ። የቸርቻችን ኮንፈረንስ እኮ ነገ ነው፤ ማታ ነው የነገሩን። ደግሞ አስበው፣ ዳዊትም ከጎልያድ ጋር ብቻውን ነበር።»

«ዳዊት ሊገድለው ነው የሄደው። እኔ ላደርሰው ነው።»

«ያው እንግዲህ፣ ያንተ ይቀላል!»

ተከራክሬ ልምምዱን ላስተጓጉልበት አልፈለግኩም። «ችግር የለም» አልኩና ጎልያድን ከኋላ ወንበር ወደ ፊት አዛውሬ ቀበቶ አሰርኩለት።

እስከ አዋሽ ያለው መንገድ መልካም ነበር። ጎልያድ ራሱን በመስኮት አውጥቶ፣ የቆመው ጆሮው በንፋስ ወድቆ፣ የወደቀው ደግሞ ቆሞለት፣ ደስ ብሎታል። ከአዋሽ ወዲያ ግን በየመንገዱ ዳር ፍየል ጠባቂዎች ባዶ ላስቲክ ከፍ አድርገው «ውሃ! ውሃ!» ይላሉ። እንዴት ይታለፋል? ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ጠርሙስ ሰጠሁ። ለቀጣዮቹ ሁለት። አንዱ ሽማግሌ ሲመርቁኝ በጣም ደስ ስላለኝ ተመልሼ አንድ ጨመርኩላቸው። አስፋልቱን ለቅቄ ወደ ጥርጊያው መንገድ የምገባበት ቦታ ላይ ካርቶኑን ሳየው ሁለት ጠርሙስ ቀርቷል። ዕቅዴ ውስጥ «በቂ ውሃ» የሚል ነበረ። ለማን እንደሚበቃ ግን አልተጻፈም።

የአጎቴ መመሪያ «የጎማ ፈለጉን ተከተል፤ ሲከፈል ወደ ግራ» የሚል ነበር። የጎማ ፈለጉ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ አምስት ጊዜ ተከፈለ። እኔም አምስት ጊዜ ወደ ግራ ታጠፍኩ። ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚታጠፍ ሰው መጨረሻው የት እንደሆነ ማንም ሒሳብ የተማረ ሰው ያውቀዋል። ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ የራሴን የጎማ ፈለግ አገኘሁትና የሌላ ሰው መስሎኝ ተከትዬው ደስ አለኝ። በኋላ ነው የታጠፍኩበትን ቁጥቋጦ ያወቅኩት። ተናድጄ ወደ ቀኝ ታጠፍኩ፤ አንድ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ገባሁ፤ መኪናዋም እስከ ሆዷ አሸዋ ውስጥ ተቀመጠች።

የፎር ዊሉን ዘንግ አስገባሁት። የኋላ ጎማዎች ተሽከረከሩ፣ የፊቶቹ ዝም። አወጣሁት፣ መልሼ አስገባሁት። «ይቅርታ» ብዬም ሞከርኩ። የፊቶቹ ዝም። ስልኬን አየሁ፤ መስመር የለም። ጎልያድ ወርዶ መሬቱን ሲረግጥ አቃጠለውና አራቱንም እግሩን ባንድ ጊዜ ለማንሳት ሞከረ። አንስቼ ከመኪናዋ ጎን ጥላ ውስጥ አስተኛሁት።

ብዙም ሳይቆይ ግመሎች የሚነዳ አንድ ጎልማሳ አፋር መጣ። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን በዱላው ላይ ጥሎ ቆመ። በአማርኛ ሰላምታ ሰጠኝ።

«ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?»

«ሰላም። ቤተሰብ ሰላም? ከብት ሰላም? የመጣህበት አገር ሰላም?»

«ሁሉም ደህና ነው።»

ጎማዎቹን አያቸው። ከመሃላቸው በታች አይታዩም። «መኪናውስ?»

«እሱም ደህና ነው» አልኩ።

«እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«ትንሽ እያረፍን ነው።»

ጎልያድን ዝቅ ብሎ አየው፣ እኔን አየኝ፣ ቀስ ብሎም እንደገና ጠየቀኝ። «ችግር የለም?»

ሰውየው ስንት ግመል ይዞ፣ በዚያ ሐሩር፣ የራሱ መንገድ አለው። አንድ እንግዳ ሰው እንዴት ከመንገዱ አስቀራለሁ? «ምንም ችግር የለም፣ አያስቡ» አልኩት፤ ፈገግ ብዬ። አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። ግመሎቹ አንድ በአንድ እያዩኝ አለፉ፤ የመጨረሻዋ ግን የሆነ ነገር እንደገባት ሁሉ ዞራ ዞራ አየችኝ።

በሳህን አሸዋ መዛቅ ጀመርኩ። አንድ ሳህን ስዝቅ ሁለት ይገባል። ያሉኝን ሁለት ጠርሙሶች ከጎልያድ ጋር ተካፍለን ጨረስን። ከዚያ ሁለት ሴቶች፣ እናትና ልጅ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ውሃ የጫኑ አህዮች እየነዱ መጡ። አማርኛ አይችሉም። ትልቋ ግን አንድ ቃል ሳትናገር ሁሉንም ተረዳች። ከአህያው ላይ ውሃ በጣሳ ቀድታ እስከ አፉ ሞልታ ዘረጋችልኝ።

አሁን የምነግራችሁን ነገር እናቴ ያሳደገችው ሰው ብቻ ነው የሚረዳኝ። በእኛ ቤት የቀረበን ነገር በመጀመሪያው ግብዣ የሚቀበል እንግዳ «ስግብግብ» ነው። መጀመሪያ «በቃኝ» ይባላል። ጋባዥዋ «በሞቴ» ትላለች። «ኧረ አሁን ነው የበላሁት» ይባላል። «አፈር ስሆን!» ትላለች። ያን ጊዜ እንደ ተሸነፈ ሰው አንገት ደፍቶ እጅ ይዘረጋል። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የተለማመድኩት ይህን ነው፤ ሦስት ጊዜ ካልተለመንኩ ጉሮሮዬ ራሱ አይከፈትም።

ስለዚህ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አንገቴን ሰበር አደረግኩና «አይ፣ አመሰግናለሁ፣ አልጠማኝም» አልኩ። እና ጠበቅኩ።

ሴትየዋ አየችኝ። ከንፈሬ ተሰነጣጥቋል። ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቋል። እንደገና እስክትዘረጋልኝ ድረስ «ኧረ አሁን ነው የጠጣሁት» የሚለውን ሁለተኛውን መስመር አዘጋጅቼ ቆሜያለሁ። እሷ ግን ጣሳውን ቀስ አድርጋ፣ አንዲት ጠብታ ሳታፈስስ፣ ወደ ዕቃው መለሰችው። አህያውን መታ አደረገች። ሄደች።

«በሞቴ» አላለችም። ማንም አልሞተላትም፤ ልሞት የነበርኩት እኔ ነኝ።

ተከትያት መሮጥ ነበረብኝ። እንዴት ብዬ ሐሳቤን ልቀይር? «ውሸታም» ትለኛለች ብዬ ቆምኩ። ስቆም ስቆም ከኮረብታው ጀርባ ተሰወሩ።

እስካሁን የሳቃችሁ ካላችሁ ከዚህ በኋላ እኔ እንኳ አልሳቅኩም። ወደ መኪናዋ ስመለስ ጎልያድ ለመነሳት ሞከረና የኋላ እግሮቹ አልታዘዙለትም። ትንፋሹ ፈጥኖ ፈጥኖ አሁን ደግሞ ይቆራረጣል። ድዱ ቀልቷል። ስሙን ስጠራ ጭራውን ሊቆላ ፈለገ፤ ጫፏ ብቻ አንድ ጊዜ አሸዋውን ነካ አደረገች። ያቺን የጭራ ጫፍ እስከ ዛሬ አልረሳትም። ይህ ውሻ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ «አልጠማኝም» ብሎ አያውቅም፤ ሲርበው ይጮኻል፣ ሲፈራ ይጠራኛል። አሁን የሚሞተው በእኔ ጨዋነት ነው።

መኪናዋ ውስጥ የቀረ ርጥበት ያለው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ «ጠበል» የተባለው ጠርሙስ።

ያዝኩት። አስቀመጥኩት። መልሼ ያዝኩት። ጠበል ለውሻ? እናቴ ብትሰማ ንስሐ አባቷ ዘንድ ይዛኝ ትሄዳለች፤ እሳቸውም ሌላ አባት ያማክራሉ። ራሴ ልጠጣው? ጎልያድ እያየኝ? ቆቤን አወለቅኩና ገለበጥኩት። «አምላኬ ሆይ፣ ጥፋት ከሆነ በእኔ ላይ ይሁን፤ ምሕረት ከሆነ ግን ለእሱ ይሁን» አልኩና ቆቡ ውስጥ አፈሰስኩት። ጎልያድ ሦስት አራት ጊዜ ላሰው። የቀረውን ሆዱን አራስኩበት። ዓይኑን ገለጥ አደረገ። እኔ ግን ይህች ጠርሙስ የምትገዛልን ጊዜ አጭር እንደሆነ አወቅኩ።

ያን ጊዜ ነው ከኮረብታው ላይ አንድ ሽማግሌ ዱላ ይዘው፣ የውሃ ዕቃ በጎናቸው አንጠልጥለው ሲወርዱ ያየኋቸው። እንዴት እንደ ሮጥኩ አላውቅም። ጫማዬ አንዱ አሸዋው ውስጥ ቀረ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ጮህኩ።

«እርዱኝ! ችግር አለ! ብዙ ችግር አለ! ውሃ ጠምቶኛል፣ ውሻዬ እየሞተብኝ ነው፣ መኪናዋም ደህና አይደለችም!»

ሽማግሌው አልሮጡም፤ እርምጃቸውን ግን አፈጠኑ። ሲደርሱ የውሃውን ዕቃ ዘረጉልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የዘረጉት። ተቀበልኳቸው።

«ቀስ ብለህ» አሉ። «ለእሱም ተው።»

ጎልያድን ራሳቸው አጠጡት። አፉን በጣታቸው እያራሱ፣ መዳፎቹንና ብብቱን እያቀዘቀዙ፣ በሽርጣቸው እያራገቡ፤ ልጅ እንደሚያስታምም ሰው። ለካ የፍየል ጠባቂ ውሻቸውን እንዲህ አድርገው አትርፈው ያውቃሉ። ስማቸው ሁመድ ነው። ብዙ ቆይቶ ጎልያድ ማስታወክ ጀመረ፤ እኔ ደንግጬ ላለቅስ ስል «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አሉኝ። ከዚያ ተነስቶ፣ አራት እርምጃ ተራምዶ፣ የጋሽ ሁመድን ዱላ አሽትቶ፣ እግሩን አነሳበት።

«አሁን ዳነ» አሉ፤ ዱላቸውን አሸዋ ላይ እየጠረጉ።

ከዚያ ተቀመጡና «በል፣ ዳጉ» አሉኝ። ዳጉ የአፋር ባህል ነው፤ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ የሰሙትንና ያዩትን ሳይነጋገሩ አይተላለፉም፤ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ከመኪና ፈጥኖ ይሄዳል።

«እርስዎ እንዴት አወቁ? እዚህ እንዳለሁ?»

«ያንተ ዳጉ ከጠዋት ጀምሮ ደርሶናል። መጀመሪያ ‹አንድ የከተማ ልጅ በመንገድ ለሰው ሁሉ ውሃ ያድላል› ተባለ። ደግ ነው አልን። ቀጥሎ የግመሉ ሰው ‹መኪናው ተቀብሯል፤ እሱ ግን እያረፍኩ ነው ይላል› አለ። ተገረምን። ከዚያ ሴቶቹ መጡ፤ ‹ከንፈሩ ደርቋል፣ ውሃ ብንሰጠው አልፈልግም አለ› አሉ።»

«እና ምን አላችሁ?»

«ተሰብስበን ተነጋገርን። አንዱ ‹ጾም ላይ ነው› አለ። አንዱ ‹ቅዱስ ሰው ነው፣ ስለት አለበት› አለ። የእኔ ልጅ ግን ‹አብዷል› አለ። እኔ ሄጄ ልየው ብዬ መጣሁ።»

«ለምን ግን ሴትየዋ እንደገና አልጠየቀችኝም?» አልኩ፤ አሁንም ትንሽ ከፍቶኝ።

ጋሽ ሁመድ በጣም አሰቡ። «አልጠማኝም ብለሃታል» አሉ። «እዚህ ውሃ ጠምቶት አልጠማኝም የሚል ሰው አይተን አናውቅም። ያልከውን አመነችህ።»

አፈርኩ። ስለዚህ ዳጉዬን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው፤ ላምበረትን፣ የጎማውን ንፋስ፣ ናቲን፣ አምስቱን ግራ መታጠፊያ፣ ጠበሉንም ሳይቀር። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ተነስተው ወደ ፊት ጎማው ሄዱ። በወጣትነታቸው የመንገድ ሥራ ካምፕ ጠባቂ ነበሩና እንዲህ ዓይነት መኪና ያውቃሉ። ከጎማው መሃል ያለችውን ክብ ነገር በሁለት ጣታቸው ያዙና «ቀጭ» አድርገው አዞሯት። ወደ ሌላው ጎማ ሄደው እሷንም አዞሯት።

«አሁን አስገባ።»

ዘንጉን አስገባሁ። የፊት ጎማዎቹ ነከሱ። መኪናዋ ጎርበጥ ጎርበጥ ብላ ከደረቁ ወንዝ ወጣች። ለካ አሮጌ ሎንግ ቤዝ ፎር ዊሉ የሚሠራው መጀመሪያ ወርደህ የፊት ጎማዎቹን በእጅ ስትቆልፍ ነው። አጎቴ አምስት ደቂቃ ሊያስረዳኝ የነበረው ይህን ነው። አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ እኔ ግን ያቺን ቆጥቤለት ነበር።

ጋሽ ሁመድ ጎልያድን ታቅፈው ፊት ተቀመጡና መንገዱን መሩኝ። የአጎቴ ካምፕ ከኮረብታው ማዶ ነበር፤ በእግር እንኳ ብዙ አያስኬድም። አጎቴን በር ላይ አገኘነው፤ ዳጉው ገና ያን ጊዜ ደርሶት እኔን ፍለጋ ሊወጣ ነበር። እኔን ሳይሆን ጎልያድን ነው መጀመሪያ ያቀፈው፤ አልተቀየምኩም፤ እኔም ብሆን እሱን ነበር የማቅፈው። ከዚያ እኔን አቀፈኝና ብዙ አልለቀቀኝም። «እህቴ ትገድለኝ ነበር» አለኝ ጆሮዬ ሥር፤ ድምፁ ግን የቀልድ አልነበረም።

ሁለት ቀን ቆየሁ። ጋሽ ሁመድ በየቀኑ ይመጡ ነበር፤ ጎልያድም ከሩቅ ሲያያቸው አጎቴን እንኳ ጥሎ ይሮጣል። ያቺን ውሃ በጣሳ የዘረጋችልኝን ሴትዮም ይዘዋት መጡ። ፋጡማ ትባላለች። በአስተርጓሚ ይቅርታ ስጠይቃት ሳቀችና የሆነ ነገር አለች። «እብድ አለመሆንህ ደስ ብሏታል» አሉኝ ጋሽ ሁመድ። የግመል ወተት ዘረጋችልኝ፤ ቃሏ ሳያልቅ ተቀበልኳት።

ልመለስ ስል ጋሽ ሁመድን «ምን ላድርግልዎት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ምንም። የአገርህን ዳጉ ንገረኝ። የአዲስ አበባ ሰው ደህና ነው? ዝናቡ? ውሃው?»

«ደህና ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እውነቱን ነገርኳቸው። ዝናቡ ጥሩ እንደሆነ፣ በእኛ ሰፈር ግን የቧንቧ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ፤ አንዳንዴ ሳምንቱን ሙሉ ጠፍቶ እናቴ ሌሊት ተነስታ የጠብታውን ድምፅ እንደምታዳምጥ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ከተማ ውስጥ?» አሉ።

«አዎ።»

«እናትህ?»

«አዎ።»

ወዲያው ተነስተው ሄዱ። ያስቀየምኳቸው መስሎኝ ነበር። ተመልሰው ሲመጡ በአህያ አንድ ቢጫ ጀሪካን አጎቴ ካስቆፈረው ጉድጓድ አስሞልተው ይዘው ነው። ራሳቸው መኪናዬ ላይ ጫኑት። «ለእናትህ» አሉኝ።

ከዚያ ሁሉ በረሃ፣ ውሃ በአህያ ከሚቀዳበት አገር፣ ሲኤምሲ ላለች አንዲት ሴት ውሃ ተላከ። «ኧረ አይሆንም» የሚለው ቃል እስከ ጥርሴ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጥኩትና «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ቤት ስደርስ የቧንቧችን ውሃ ከሄደ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። እናቴን ባልዲ ይዛ በር ላይ አገኘኋት። ጀሪካኑን ሳወርድ «ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ውሃ ነው። ከበረሃ የተላከልሽ።»

መጀመሪያ አላመነችም። ተቀምጣ ሁሉንም አዳመጠች። የጠበሉን ነገር ስነግራት «ነፍስ አድኗል አይደል? ሥራው እሱ ነው» አለች። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ቀድታ፣ አማትባ፣ እስከ መጨረሻው ጠጣች።

«ስማቸው ማን ነው ያልከኝ?»

«ሁመድ።»

«ሁመድ» አለች ቀስ ብላ፤ ለጸሎት የምትይዘውን ስም እንዲህ ነው የምትለማመደው።

በዚያ ቀን የግቢው ጎረቤት ሁሉ ሰምቶ መጣ፤ የበረሃ ውሃ ለመቅመስ አንድ አንድ ብርጭቆ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጀሪካኑ ባዶ ሆነ። እናቴ አጥባ፣ ክዳኑን አድርቃ፣ በራችን አጠገብ አቆመችው። እዚያው አለ። የሰው ዕቃ ባዶውን ስለማይመለስ በምን እንደምትሞላው እያሰበች ነው። ዛሬ ጠዋት ማር ይሁን አለች፤ ከሰዓት ደግሞ በሶ ይሻላል አለች። የሚቀጥለው የትምህርት እረፍት መቼ እንደሆነም ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች።

«ብቻህን ግን አትሄድም» አለችኝ። «እኔም እመጣለሁ። የፊት ጎማዎቹን እኔ ወርጄ እቆልፋቸዋለሁ።»